በወሲብ ፊልም መዝገብ አያያዝ ረቂቅ ደንብ ላይ አስተያየት ለመስጠት የትኛው መንገድ ይሻላል?

አሜሪካ ውስጥ የወሲብ ፊልም የሚሠራ ሰው ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት አንድ ግዴታ አለበት። የሚቀረጸውን ሰው መታወቂያ ማየት አለበት። ኮፒ ማድረግ አለበት። ሕጋዊ ስሙንና የተወለደበትን ቀን መዝግቦ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንዲያሳይ ማስቀመጥ አለበት። ሕጉ የወጣው በ1988 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዘርፉ ያሉ ሰዎች በቁጥሩ ብቻ ይጠሩታል፤ 2257። ዓላማው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እዚያ ካሜራ ፊት እንዳይቆም ነው።

ዓላማውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ጭቅጭቁ ያለው ግን ዝርዝሩ ላይ ነው። መዝገቡን ማን ይይዛል? የት ይቀመጣል? የምትቀረጸውን ሴት የቤት አድራሻ ስንት ሰው ያየዋል? ይህን የሚወስነው በአብዛኛው ኮንግረስ አይደለም፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩ በሚያወጣው ደንብ ነው የሚወሰነው። ሚኒስቴሩ ደግሞ ደንብ ከማጽናቱ በፊት ረቂቁን ፌዴራል ሬጅስተር በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ አትሞ የሕዝብ አስተያየት መጠየቅ አለበት። ይህን ያዘዘው የ1946ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በ2257 ላይ በ2004፣ በ2007 እና በ2008 ረቂቅ ወጥቶ ሕዝብ ተጠይቋል።

«እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በመጀመሪያ፣ አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም። ግሪን ካርድም አይጠየቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ይችላል፣ አዲስ አበባ ያለም ይችላል። ሁለተኛ፣ የኢሚግሬሽን ክፍያ ሲጨምርም ሆነ የጭነት መኪና ሹፌሮች የሥራ ሰዓት ሲቀየር መንገዱ ያው ነው። ይህን ደንብ ምሳሌ አድርጌ የመረጥኩት ከሁሉም ስለሚከብድ ነው። ስምን መጻፍ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። እዚህ መምረጥ የቻለ ሰው ሌላው ላይ አይቸገርም።

ተዘጋጅቶ የመጣ ደብዳቤ ወይስ የራስ ጽሑፍ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። የሕዝብ አስተያየት ድምፅ መስጫ አይደለም። አሥር ሺህ ሰው «እቃወማለሁ» ስላለ ደንብ አይወድቅም። አንድ ዓይነት ደብዳቤዎች በአንድ ይጠቃለሉና አንድ መልስ ይሰጣቸዋል። በ2017 የኢንተርኔት ደንብ ሲቀየር ለኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ከ22 ሚሊዮን በላይ አስተያየት ገብቶ ነበር። የኒው ዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው የሐሰት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የጅምላ ደብዳቤ በጥርጣሬ ቢታይ አይገርምም።

ሕጉ መሥሪያ ቤቱን የሚያስገድደው ቁም ነገር ላለው አስተያየት መልስ እንዲሰጥ ነው። ቁም ነገር ማለት ሚኒስቴሩ የማያውቀው እውነታ፣ ያላሰበው አማራጭ፣ ወይም የተሳሳተ ስሌት ነው።

የ2008ቱን የመጨረሻ ደንብ ከሥራ መልስ ማታ ማታ አንብቤዋለሁ። አሰልቺ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሚኒስቴሩ አንድ በአንድ «አስተያየት ሰጪዎች እንዲህ አሉ፣ መልሳችን ይህ ነው» እያለ ይሄዳል። ከሁሉም ልቤን የነካው የቤት አድራሻው ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንቡ እያንዳንዱ ፊልም ወይም ድረ ገጽ ላይ መዝገቡ የሚገኝበት አድራሻ እንዲጻፍ ያዛል። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይበቃም፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ነው የሚፈለገው። አሁን ቤቷ ተቀምጣ በራሷ ድረ ገጽ የምትሠራ ሴት አስቡ። ቢሮዋ ቤቷ ነው። ቪዲዮዋን ያየ ሰው ሁሉ የት እንደምታድር አወቀ ማለት ነው። መኪናው ውስጥ ሆኖ በሯን የሚጠብቅ ሰው ሊመጣ ይችላል። ልጅ ካላት ደግሞ ልጇም እዚያው ቤት ነው የሚያድረው።

ሰዎች ይህን በ2004ቱ ረቂቅ ላይ ጻፉ። «መዝገቡን ሌላ ሰው ይያዝልን» አሉ። ሚኒስቴሩ በ2005 እምቢ አለ። መዝገቡ ከተሰበሰበበት ቦታ ከወጣ ቁጥጥሩ ይወሳሰባል የሚል ነበር ምክንያቱ። በ2007 ሌላ ረቂቅ መጣ። ጥያቄው እንደገና ተነሣ። ታኅሣሥ 18 ቀን 2008 የወጣው የመጨረሻ ደንብ ሦስተኛ ወገን መዝገቡን እንዲይዝ ፈቀደ። አድራሻውም የመዝገብ ያዡ ሆነ። በዚያው ደንብ የመታወቂያ ኮፒ ከዋናው አዘጋጅ ወደ ሌላ አዘጋጅ ሲተላለፍ አድራሻን፣ ስልክንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን አጥቁሮ መላክ ተፈቀደ።

መንግሥትን ሐሳቡን ያስቀየረው «ነጻነታችን ተነካ» የሚለው ጩኸት ብቻ አይደለም። ፋይል ካቢኔቱ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ የተናገረ ሰው ነው ውሃ የሚያነሳ ነገር ያቀረበው።

ስለዚህ የማኅበር ደብዳቤ ላይ ከመፈረም የራስን አጭር ጽሑፍ መላክ ይሻላል። አሥር ደቂቃ ብቻ ካላችሁ አራት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፤

«ቤቴ ውስጥ ብቻዬን የምሠራ አነስተኛ አዘጋጅ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ደንቡ መዝገቤን በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ለተቆጣጣሪ ክፍት እንዳደርግ ያስገድዳል፤ ይህን ለማድረግ ወይ ሁለተኛ ሥራዬን መተው ወይ ሰው መቅጠር አለብኝ። ተቆጣጣሪው ከሁለት ቀን በፊት ቢያሳውቀኝ በተባለው ሰዓት እገኛለሁ፤ የመታወቂያ ኮፒዎቹም የትም አይሄዱም።»

ምሳሌ ነው፤ የእናንተን ሁኔታ በእናንተ ቁጥር ጻፉ። ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ረቂቁ ምን እንደሚያዝ ጥቀሱ፣ በተግባር ምን እንደሚያስከትል አሳዩ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ሐሳብ አቅርቡ። ረቂቁን የምትደግፉም ከሆነ እንደዚሁ ነው። «ልጆች ይጠበቁ» ብቻ ብሎ ከመላክ የቱ አንቀጽ ልጆችን እንደሚጠብቅና ቢወጣ ምን ቀዳዳ እንደሚከፈት መጻፍ ይበልጣል።

በስም፣ ያለ ስም ወይስ በማኅበር?

የፌዴራል መንግሥት አስተያየት በሚቀበልበት ድረ ገጽ፣ ሬጉሌሽንስ ዶት ጎቭ ላይ፣ አስተያየት ስትጽፉ ማንነታችሁን ይጠይቃችኋል። ሦስት ምርጫ አለ። ግለሰብ፣ ድርጅት፣ ስም የለሽ። አብዛኛው ሰው ሳያስብ የመጀመሪያውን ይጫናል። በዚህ ጉዳይ ግን ቆም በሉ።

በስማችሁ የላካችሁት አስተያየት ድረ ገጹ ላይ ወጥቶ ማንም ያነበዋል። የሥራ አመልካቾችን ስም ጎግል የሚያደርግ ቀጣሪ ያገኘዋል። የእህታችሁ አማች ያገኘዋል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ። ደንቡን የሚመለከት ሙያ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጠበቃ ወይም የሰነድ አያያዝ ባለሙያ ግን ስሙን ቢጽፍ ይጠቅማል። ቃሉ ክብደት የሚያገኘው ከሙያው ነው። ወላጅም በስሙ ቢጽፍ የሚያጣው ነገር ብዙም አይታየኝም።

ፊልም ላይ ለሠራች ወይም ለሠራ ሰው ግን ምክሬ ሌላ ነው። ስም የለሽ የሚለውን ምረጡ። መሥሪያ ቤቱ የሚመለከተው የተነሣውን ነጥብ ነው፤ ያለ ስም የመጣን ጥሩ ነጥብ አይጥለውም። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይህ በእኔ ደርሷል» የምትሉት ታሪክ ተናጋሪው ካልታወቀ ማስረጃነቱ ይቀንሳል። ያንን ለማካካስ ዝርዝሩን አብዙ፤ መታወቂያዬ በስንት ሰው እጅ አለፈ፣ ማን ኮፒ አደረገው፣ የት ተቀመጠ።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው አባሪ ፋይል ነው። በዎርድ የጻፋችሁት ፋይል ውስጥ የኮምፒውተሩ ባለቤት ስም ተደብቆ ሊቀመጥ ይችላል። ላዩ ላይ ስም የለሽ ብላችሁ ውስጡ ስማችሁ ተልኮ ቢገኝ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ጽሑፉን ሳጥኑ ውስጥ ቀጥታ ገልብጡት፤ አባሪ ግድ ከሆነ የፋይሉን መረጃ አጥፉና ላኩ። ሁለተኛው የፍትሕ ሚኒስቴሩ አሠራር ነው። ስማችሁን ወይም አድራሻችሁን መጻፍ ካለባችሁና ድረ ገጽ ላይ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ፣ «የግል መለያ መረጃ» የሚለውን በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጽፋችሁ የትኛው ክፍል እንደሆነ ማመልከት አለባችሁ። ለንግድ ምስጢርም ተመሳሳይ ምልክት አለ። ትክክለኛው ቃል በረቂቁ ማስታወቂያ መግቢያ ላይ ስላለ እንዳለ ቅዱት። ይህም ቢሆን መረጃው ከሕዝብ ዓይን ይወገዳል እንጂ ከሚኒስቴሩ ፋይል አይወጣም። ጨርሶ ምስጢር እንዲሆን የምትፈልጉትን አትጻፉት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አዘጋጅ ከሆናችሁ የራሳችሁን ጥፋት አትናዘዙ። «መዝገቡን እስካሁን በደንብ አልያዝኩም፣ ምክንያቱም ከባድ ነው» ብሎ መጻፍ ለማስረዳት ያህል ሊመስል ይችላል። ይህ ግን ከሳሽ ለሆነው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ነው። የ2257 ጥሰት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 5 ዓመት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ዓመት እስራት አለው። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ከመላኩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

በማኅበር መላክ ሦስተኛው መንገድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ማኅበር ጠበቃ አለው፣ ቁጥር ይሰበስባል፣ የአባሉን ስም ሳይጠቅስ ታሪኩን ያቀርባል። በዚህ ዘርፍ የሚታወቀው ፍሪ ስፒች ኮአሊሽን በ2005 የወጣውን ደንብ ፍርድ ቤት ወስዶታል። በኋላም በፊላደልፊያ በከፈተው ሌላ ክስ የሦስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2015 ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የሚደረገው ፍተሻ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሏል። ይህን ዓይነት ነገር ግለሰብ ብቻውን አይገፋውም።

ግን ማኅበሩ የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የአዘጋጅ ጥቅምና የተዋናይ ጥቅም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አዘጋጁን የሚያስጨንቀው የወረቀቱ ብዛት ነው። ተዋናይዋን የሚያስጨንቃት ወረቀቱ ላይ ያለው ስሟ ነው። ለልጆች የሚቆረቆር ድርጅትም የራሱ ትኩረት አለው። ስለዚህ ማኅበር ጽፎልኛል ብላችሁ አትቅሩ። እሱ የዘለለውን እናንተ ጻፉ።

በድረ ገጽ ወይስ በፖስታ?

በድረ ገጽ። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። የመጻፊያ ሳጥኑ 5,000 ፊደል ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 20 ፋይል ማያያዝ ይቻላል፣ እያንዳንዱ እስከ 10 ሜጋባይት። ስትጨርሱ የመከታተያ ቁጥር ይሰጣችኋል። ዋሽንግተን ላሉ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚላክ ፖስታ ከ2001 ወዲህ በደኅንነት ምርመራ ስለሚያልፍ ይዘገያል። ፖስታ የሚሻለው ኮምፒውተር ለማይነካ ሰው ነው። ያኔ ማስታወቂያው የሚለውን በደንብ አንብቡ፤ ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ቴምብሩ በተመታበት ቀን ነው ወይስ ደብዳቤው በደረሰበት? ይለያያል።

የድረ ገጹ በር የሚዘጋው በመጨረሻው ቀን በዋሽንግተን ሰዓት ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 11:59 ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ላለ ሰው በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር ምሽት 8:59 ላይ አበቃ። አዲስ አበባ ላለ ሰው በማግስቱ ጠዋት በእኛ ሰዓት 12:59፣ በክረምታቸው ደግሞ 1:59። የተለመደው ጊዜ ከ30 እስከ 60 ቀን ነው። የ2007ቱ ረቂቅ ሐምሌ 12 ወጥቶ መስከረም 10 ተዘጋ (ወሮቹም የፈረንጅ ናቸው)። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ሌሊት አትጠብቁ።

ቋንቋውን በተመለከተ በእንግሊዝኛ ጻፉ። በአማርኛ የሚቀናችሁ ከሆነ በአማርኛ አስባችሁ ጻፉና አስተርጉማችሁ ሁለቱንም ላኩ። ትርጉም ያልተያያዘበት ደብዳቤ የሚያነበው ላይኖር ይችላል። ስህተት የሌለበት እንግሊዝኛ ግን አያስፈልግም። ግልጽ ይሁን እንጂ ሰዋስው አይመዘንም።

ለፍትሕ ሚኒስቴር ብቻ ወይስ ለበጀት ቢሮውም?

ይህን በር ብዙ ሰው አያውቀውም። መዝገብ ያዙ የሚል ደንብ ሁሉ የወረቀት ሥራ ቅነሳ ሕግ የሚባለውም ይመለከተዋል። በዚህ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቱ ደንቡ ስንት ሰው እንደሚመለከት፣ ለእያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና ስንት ብር እንደሚያስወጣ ገምቶ መጻፍ አለበት። ግምቱን የሚመረምረው በዋይት ሀውስ ሥር ያለው የአስተዳደርና የበጀት ቢሮ ነው። ፈቃዱ ቢበዛ ለ3 ዓመት ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ መታደስ አለበት። ስለዚህ የደንቡ ጊዜ ቢያልፋችሁም በዚህ በር የመናገር ዕድል ተመልሶ ይመጣል።

ሁለቱ የሚፈልጉት ነገር ግን ይለያያል። ለፍትሕ ሚኒስቴሩ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ምስጢር፣ ስለ ልጆች ጥበቃ፣ ስለ አማራጭ ጻፉ። ለበጀት ቢሮው ሰዓት ቁጠሩለት። አንድ ቀን ሥራ ላይ ስልካችሁን አውጡና ሰዓት ያዙ። መታወቂያ ማየት፣ ኮፒ ማድረግ፣ ስም በፊደል ተራ ማስገባት፣ ከዚህ በፊት የተጠቀመበትን የመድረክ ስም ሁሉ መጻፍ፣ ከቪዲዮው ጋር ማገናኘት። መዝገቡ ለ7 ዓመት መቀመጥ እንዳለበት አትርሱ፤ የማስቀመጫውም ኪራይ ይቆጠራል። «ግምታችሁ ይህን ያህል ደቂቃ ይላል፣ እኔን የፈጀብኝ ይህን ያህል ነው» የሚል አንድ ገጽ ከአሥር ገጽ ምሬት የበለጠ ይሠራል።

አንዱን ብቻ ለመጻፍ ጊዜ ያላችሁ ለሚኒስቴሩ ጻፉ። ደንቡን የሚጽፈው እሱ ነው። አነስተኛ ንግድ ያላችሁ ደግሞ በአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ውስጥ ያለውን የተሟጋች ቢሮ አስታውሱት፤ ሥራው የትናንሽ ንግዶችን ጉዳት ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች መናገር ነው።

ከላካችሁ በኋላ

የጽሑፋችሁን ቅጂና የመከታተያ ቁጥሩን አንድ ላይ አስቀምጡ። አስተያየቱ ወዲያው ድረ ገጹ ላይ ባይታይ አትደንግጡ፤ ተጣርቶ ነው የሚለጠፈው። ከዚያ መጠበቅ ነው። የ2007ቱ ረቂቅ የመጨረሻ ደንብ ለመሆን ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በላይ ወስዷል።

የመጨረሻው ደንብ ሲወጣ አንቀጾቹን ትታችሁ መግቢያውን ክፈቱ። እዚያ ነው መልሱ ያለው። ያነሣችሁትን ቁልፍ ቃል ፈልጉ፤ «አድራሻ»፣ «20 ሰዓት»፣ የጻፋችሁት ምንም ይሁን። ተቀብለው አስተካክለው ይሆናል። «አንቀበልም፣ ምክንያታችን ይህ ነው» ብለውም ይሆናል፤ ያኔ ለሚቀጥለው ረቂቅ የምትመልሱለትን ምክንያት አገኛችሁ፣ የሦስተኛ ወገኑ ጥያቄም የተፈታው እንዲሁ ነው። ጭራሽ ዘልለውት ከሆነ ግን ያስቀመጣችሁትን ቅጂና ቁጥር ደንቡን ፍርድ ቤት ለሚወስደው ማኅበር ወይም ጠበቃ ላኩለት። ዳኛው ፊት መጀመሪያ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነጥብ በአስተያየት ጊዜ ቀርቦ ነበር ወይ የሚለው ነው።